ማይኩ ክፍት ነበር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ጉም። ከመስኮቴ የጎረቤት ቆርቆሮ እንኳ አይታይም። ከወገብ በላይ ሸሚዝ፣ ከወገብ በታች ፒጃማና ብርድ ልብስ። እንዲህ ሆኜ ለጠዋቱ ስብሰባ ተቀመጥኩ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቁጭ ብዬ አዲስ አበባ ቢሮ ገባሁ ማለት ነው።

«ሰላም አደራችሁ?» አልኩ። ዝም። ሁሉም ማይኩን ዘግቷል። አንዱ የአውራ ጣት ምልክት ላከልኝ። አውራ ጣት የሰላምታ መልስ ነው? ሀኒ ብቻ «ሰላም ዚኩ» ብላ ጻፈችልኝ። ሀኒ ባትኖር ይሄን ሥራ ድሮ ትቼው ነበር።

ሥራው አይደለም የከበደኝ። ሶፍትዌራችን እምቢ ያላቸው ፋርማሲስቶች ይደውላሉ፣ አነጋግራለሁ፣ ይስተካከላል፣ መርቀውኝ ይዘጋሉ። እሱን እወደዋለሁ። የከበደኝ ስለ ሥራው የምናወራው ነው። ጠዋት ስብሰባ፣ ከምሳ በፊት ስብሰባ፣ ከሰዓት ደግሞ ለነገው ስብሰባ መዘጋጃ ስብሰባ...

«ድምፄ ይሰማል?» «ይሰማል።» «ስክሪኔ ይታያል?» «አይታይም።» «አሁንስ?» «አሁን ድምፅሽ ጠፋ።»

ቀኑን ሙሉ ከአፌ የወጣው ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ግን ሲመሽ ድንጋይ ስሸከም የዋልኩ ያህል ደክሞኛል። ምን ሠርቼ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መብራት የለም። ስብሰባ ግን አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አባቴ ዛሬ ጉድ ሠሩኝ።

በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼው ነበር። እንደ ልማዴ «ሰላም አደራችሁ?» አልኩ። እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። አባ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል ለካ።

«ሰዎቹ ሰላምታ አይመልሱም እንዴ?»

«አባ፣ ማይካቸውን ዘግተው ነው።»

«አፋቸውንስ?»

መልስ ሳልሰጣቸው መጥተው ጎንበስ አሉና ላፕቶፑን «እንዴት አደራችሁ ልጆች? ቤተሰብ አማን ነው? ሀገሩ አማን ነው? ኸናንተ ዘንድስ ብርዱ እንዴት ነው?» አሉት። ላፕቶፑን። ጆሯቸው ስለደከመ ሲናገሩ ድምፃቸው ሰፈር ያዳርሳል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰዎቹ ግን ማይካቸውን እየከፈቱ «አማን ነው አባት»፣ «ብርዱ ከእናንተ አይብስም»... አለቃችን ስማቸው ራሱ «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። እኔን እኮ አንድ ቀን እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

አባ ደስ ብሏቸው ወጡ። «ጨዋ ልጆች ናቸው፣ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው» አሉኝ።

እኔ አፍሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በሩ ይዘጋል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

እያመቻቸሁት ነው። ላፕቶፑን የአባ ጨርቅ በታሸገበት ካርቶን ላይ አስቀመጥኩት፣ ኔትወርኩ ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ይሻለዋል። ከኋላዬ ደግሞ ሱቃቸው ሲዘጋ የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ሰቀልኩ፤ የግድግዳው መላጣ አይታይም። ሀኒ «ስቱዲዮ ገባሽ እንዴ?» አለችኝ።

መላመድ ያቃተኝ ፊቴን ነው። ሰው ጋ ሳወራ ፊቴን አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ደክሟታል። እየሰማች እንዳለች ለማስመሰል አንገቷን ትነቀንቃለች። በቃ ዘንድሮ ሥራዬ አንገት መነቅነቅ ሆኗል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሆጤ ሰፈር ወርጄ ሽንኩርት ልገዛ ነበር። ሻጯ ሴትዮ ከሌላ ደንበኛ ጋር ታወራለች። ተራዬን ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩና... «ድምፄ ይሰማል?» አልኳት።

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ። «ምነው የኔ እህት፣ ምን በደልኩሽ?» አለች።

እየሳቅኩ ነው የተመለስኩት። ቤት ስደርስ ሳቁ ጠፋ። ሰው እንዲህ እያለ ነው የሚያብደው?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ሀኒ ደወለች። በስብሰባ ሳይሆን በስልክ፤ ደግ ነገር እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝ።

«ዚኩ፣ ስማቸው ሁላችሁንም ቢሮ ሊመልስ ነው። ከየካቲት ጀምሮ።»

«ሁላችንንም?»

«ከቤት የሚሠራ የሚባል ነገር አይኖርም አለ። ሐሙስ ስብሰባ ላይ ያነሳዋል። ከአሁኑ ተዘጋጂ።»

ምን ብዬ ልዘጋጅ? እማ ባለፈው ዓመት ስትሞት አባ በዚህ ቤት ብቻቸውን ቀሩ። ወንድሜ ዑዘይር ኮምቦልቻ ነው፣ የጎማ ሱቁንና ልጆቹን ይዞ። አባ ደግሞ ቆላ አይሆነኝም ብለው ከደሴ ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ እኔ የአዲስ አበባ ቤቴን ለቅቄ መጣሁ። ከቤት መሥራት ስለሚቻል አይደል የመጣሁት? አሁን ብሄድ አባን ለማን? ብቀር ሥራውን... እዚህ ሌላ ሥራ ከየት አገኛለሁ?

ለአባ አልነገርኳቸውም። ለምን ቀድመው ይጨነቁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ከየት ልጀምር?

አባ ጠዋት «ዛሬ ኸዐስር ሶላት በኋላ ሰዎች አሉኝ፣ ዱዓ እናደርጋለን» አሉኝ። «አባ፣ እኔም በዚያው ሰዓት ስብሰባ አለኝ» አልኳቸው። «አብሽሪ፣ እኛ አንረብሽሽም።» ሳሎኑና የእኔ ክፍል የሚለያዩት በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ግን ምን እላለሁ፣ ቤቱ የእሳቸው ነው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። በረንዳው በጫማ ሞላ። ዱዓውን የሚመሩት ሼህ ሰይድም አሉ። ሻዩንና ጫቱን አቀረብኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ገባሁ።

ስማቸው ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። «ተበታትነን አልሆነልንም። ከየካቲት ጀምሮ ሁላችንም ቢሮ እንግባ። የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር» አለ።

የምናገረውን ከሰኞ ጀምሮ በልቤ ሳጠናው ነበር። አባቴን፣ ቤቱን፣ ሥራዬ አንድ ቀን አለመጓደሉን... እጄን አወጣሁ። ማይኬን ከፈትኩ። ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ።

ከግድግዳው ወዲያ፣ «አሚን!»

የሁሉም ሽማግሌ ድምፅ ባንድ ላይ። እንደ ነጎድጓድ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ሳቅ። ካሜራ የማይከፍቱት ሁሉ ከፍተው ሳቁ። ስማቸው ዓይኑን እየጠረገ «የዚክራ ቤት በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል፣ እንቀጥል» አለ።

«አይ፣ እኔ ማለቴ...» አልኩ። ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። ኔትወርክ ጠፋ። ስመለስ ሌላ አጀንዳ ላይ ናቸው።

ለመቃወም የከፈትኩት ማይክ ነው እኮ ያስማማኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ስማቸው ግሩፑ ላይ ጻፈው፤ ሁሉም ሠራተኛ ተስማምቷል፣ ከየካቲት ጀምሮ ቢሮ።

ሀኒ «አሚንሽ እኮ ቢሮውን አዳርሷል፣ እዚህ ሰው እሺ ማለት ትቶ አሚን ማለት ጀምሯል» አለችኝ። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አባ የዓይኔን መቅላት አይተው «ያ መስኮት ነው ዓይንሽን የጎዳው» አሉ። መስኮት የሚሉት ላፕቶፑን ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ስማቸውን ለብቻው ለማነጋገር ቀጠሮ ያዝኩ። ይሄን ንግግር ኔትወርክ እንዲበላብኝ አልፈለግኩም። ለአባ ሥራ አለኝ ብዬ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጨርስ ሹራቤን አወለቅኩ። የዑዘይር ሱቅ ጥሩ ኢንተርኔት አለው፣ ጎማ ይሸታል እንጂ።

ዑዘይር ከጎማ ክምሩ ኋላ ቦታ ለቀቀልኝ። ውጭ አይሱዙዎች ያጓራሉ። ላብ አጠመቀኝ። ኅዳርን ሙሉ በብርድ ልብስ ስሰበሰብ ከርሜ...

«ካሜራሽን ክፈቺው ዚክራ» አለ ስማቸው። ከፈትኩ። እሱም ከፈተ። ደክሞታል። ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል። እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር።

«በስብሰባው አልተስማማሁም ነበር» አልኩት። «ያ አሚን የእኔ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ጠዋት ጥቁር ሳጥን አዋራለሁ፣ ከሰዓት ጥቁር ሳጥን አዋራለሁ። የሚሰማኝ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ሰው ፊት ለፊት ማየት አማረኝ፣ በቃ።»

ልቆጣው ነበር የመጣሁት። አንጀቴን በላኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ላንቺ ብቻ ምክንያት ካገኘሁ እፈቅዳለሁ። ግን ምክንያት ስጪኝ። አባትሽ ያማቸዋል?»

አባ ጆሯቸው ትንሽ ደከመ እንጂ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ናቸው። ፒያሳ ደርሰው በእግራቸው ይመለሳሉ። ይሄ ሁሉ በልቤ አለፈ።

«ያማቸዋል» አልኩ።

ዑዘይር ከጎማዎቹ ወዲያ ብቅ አለ። ላፕቶፑን እስክዘጋ ጠብቆ፣ «አባ ምን ሆኑ?» አለኝ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ምንም አልሆኑም። ለሥራ ነው ያልኩት።»

«በደኅና ሰው ታሟርቻለሽ?»

ሐረጎን ስወጣ አስተግፊሩላህ እያልኩ ነው የወጣሁት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ተፈቀደ። ስማቸው ጠዋት ጻፈልኝ፣ «ዚክራ ባለችበት ትቆይ» ብሎ። ደስታዬ... ደስታ ነበር? ዕፎይታ ነው። ስብሰባው እንዳለቀ ወደ ሳሎን ሮጥኩ።

«አባ፣ የትም አልሄድም።»

«ወዴት ልትሄጂ ነበር?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስማቸው ያለውን፣ እኔ ልቃወም እንደነበር፣ ማይኬን ስከፍት አሚን እንደተባለ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አሚኑ በዚያ መስኮት ገባ?»

«ገባ አባ። አዲስ አበባ ድረስ።»

«ሱብሐነላህ» አሉ። ራሳቸውን ያዙ። «ሼህ ሰይድን ምን ብሎ ዱዓ እንዲያደርግ እንደለመንኩት ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ልጄ በኔ ምክንያት ታስራለች፣ መንገዷን ክፈትላት በልልኝ አልኩት። ሰዉ አሚን ያለው ለዚያ ነው።»

ከፊታቸው ቁጭ አልኩ።

«እዚህ መኖሬ ከበደዎት?»

«ኧረ ወላሂ።»

«ታዲያ ለእርስዎ ብዬ አይደል የመጣሁት?»

መለሱልኝ። ቀስ ብለው፣ እንደዚያ የሚጮኸው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ዚክራዬ፣ አዲስ አበባ ሳለሽ ማታ ማታ ትደውዪልኝ ነበር። የዋልሽበትን፣ የበላሽውን፣ ማን ምን እንዳለሽ ታወሪኝ ነበር። እኔም የሆዴን አወራሽ ነበር። ኸመጣሽ ወዲህ አንድ ቀን አልደወልሽልኝም።»

«አባ፣ አንድ ቤት ውስጥ እያለን ምን ብዬ እደውላለሁ?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አሉ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24

ተናድጃለሁ። ቤቴን ለቅቄ፣ በብርድ ተቆራምጄ፣ ለእሳቸው ብዬ ሐሰት ተናግሬ... አልደወልሽልኝም?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ንዴቱ በረደ። የቀረው ነገር ከንዴቱ ይከፋል። ልክ ናቸው?

ሰኞ፣ ጥር 4

ልሞክር ብዬ ነበር። ሥራ እንዳለቀ ላፕቶፑን ክፍሌ ትቼ ሳሎን ሄጄ ከአባ ጎን ተቀመጥኩ።

«ዛሬስ ምን አወራችሁ?» አሉኝ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ቀኑን ሙሉ አውርቼ ለአባቴ የሚተርፍ አንድ ቃል የለኝም። ምላሴ ራሱ የደከመ መሰለኝ። «እንዲሁ ነው አባ፣ ሥራ ነው» አልኩ።

ከዚያ እሳቸው ስለ አያታቸው ጀመሩልኝ፤ ከየመን መጥተው መጀመሪያ አማርኛ ሲናገሩ ገበያተኛው እንዴት ይስቅባቸው እንደነበር። ደስ የሚል ወሬ ነበር። መሃል ላይ ስልኬ ጮኸ። ሳላስበው አየሁት። የነገው ስብሰባ ሰዓት ተቀይሯል።

ቀና ስል አባ አቁመዋል።

«ይቀጥሉ እንጂ አባ።»

«ጨርሻለሁ» አሉ። አልጨረሱም ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ዛሬ ካሜራዬን አልከፈትኩም። ማንም አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

መሪየም፣ የዑዘይር ሚስት፣ ልጆቿን ይዛ መጣች። ጓዳ ገብተን ሽንኩርት ስንልጥ፣ «አባ ነገሩን ጨርሰውታል እኮ፣ አልነገሩሽም?» አለችኝ።

«የምኑን ነገር?»

«እኛ እዚህ ልንገባ። ልጆቹ ደሴ ይማሩ፣ ዑዘይር በየቀኑ ኮምቦልቻ ወርዶ ይመለስ ብለው። እኔም ቆላው ሰልችቶኛል። የአንቺን ክፍል ለልጆቹ ነው ያሉኝ... አላወቅሽም እንዴ?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። አባቴ ቤቱን ሲያመቻቹ ነው ለካ የከረሙት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

መሪየም ደነገጠች። «ከፋሽ?»

«አልከፋኝም» አልኳት። ከፍቶኛል። ግን ሌላም ነገር አለ፣ ብጽፈው የማላፍርበት እዚህ ብቻ ስለሆነ ልጻፈው። ደስ ብሎኛል። መሄድ አምሮኛል። ብቻዬን በሬን ዘግቼ በእግሬ ሥራ ሄጄ፣ ከሰው ጋር ምሳ በልቼ፣ ማታ ወደ ቤት መመለስ። ሥራውና ቤቱ የሚለያዩበት መንገድ ናፈቀኝ። ይሄን ለማን እናገራለሁ?

ረቡዕ፣ ጥር 20

ለስማቸው እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ።

«አባትሽ ተሻላቸው?» አለኝ።

«ተሻላቸው» አልኩ። አንዱን ሐሰት በሌላ ሐሰት ዘጋሁት። አላህ ይማረኝ።

ለአባ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ እጄን ይዘው ቆዩ። «አታልቅሺ» አሉኝ። ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።

ዓርብ፣ ጥር 29

አውቶቡስ ላይ ነኝ። ጽሕፈቴ ይንቀጠቀጣል።

አባ መናኸሪያ ድረስ መጡ። አይምጡ ብል እምቢ አሉ። ዑዘይር ሻንጣዬን ጫነ። አባ ራሴን ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ቆሞ ጠበቀን። ሾፌሩ እንኳ አልተነጫነጨም። «ማታ ማታ» አሉኝ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ደጋን ከተማ ስንደርስ የስብሰባ ሰዓት ሆነ። ከቤት የመጨረሻዬ... ቤት ከተባለ። በስልክ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጭናቸው ላይ ዶሮ ይዘዋል። ስማቸው ስለ ዓመቱ ዕቅድ ሲያወራ ዶሮዋ ጮኸች። ማይኩን ዘግቼ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ፤ ይሄኛውንም ዕቅድ ዶሮ ታጸድቀው ነበር።

ሴትዮዋ ስልኬን አዩና፣ «ልጆችሽ ናቸው?» አሉኝ።

«የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው።»

«ሁሉም ደክሟቸዋል» አሉ። አዘኑላቸው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ቢሮ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁላችንም ተቀምጠን፣ ሁላችንም ላፕቶፕ ከፍተን፣ ክፍለ ሀገር ካለ ደንበኛ ጋር በኦንላይን ተሰበሰብን። ስማቸው ከፊቴ ተቀምጧል፣ ድምፁ ግን ከላፕቶፑ ነው የሚመጣው።

ሀኒ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አየኋት። ሳቃችንን መያዝ አቃተን።

ይሄ ግን ይሻላል። እግር የሚረግጥ ሰው አለ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

የተከራየሁት ክፍል ጠባብ ነው። ነገ ረመዳን ይገባል መሰለኝ። ብቻዬን አፍጥሬ አላውቅም ማለት ይቻላል፤ ድሮ አዲስ አበባ ሳለሁ እንኳ ጓደኞቼ ነበሩ፣ አሁን ሁሉም አግብተው ተበታትነዋል። ሆዴ ባባ።

ማታ ለአባ ደወልኩ። የመሪየም ልጆች ሲንጫጩ ይሰማል። አባ ረጋ ብለው አወሩልኝ። የአያታቸውን ወሬ ከመሃሉ ቀጠሉልኝ፣ የት እንዳቆሙት ሳይረሱ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ካፈጠርኩ በኋላ ለአባ ደወልኩ። በየቀኑ ነው አሁን። ቴምርና ሾርባ ፊቴ አስቀምጬ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደግፌ። ስለ ስማቸው ነገርኳቸው፣ ስለ ሀኒ፣ ከጎንደር ስለደወለልኝ ጉደኛ ፋርማሲስት። ሳቁ። ለካ የማወራው ነገር ነበረኝ።

እሳቸውም በተራቸው አወሩኝ። መሪየም ሳምቡሳ እንዳበዛችባቸው፣ ማታ የተራዊሕ ሶላት መቆም እንደከበዳቸው፣ ወንበር ላይ ሆነው እንደሚሰግዱ።

«ለምን አባ? ምን ሆኑ?»

«ያ ጉልበቴ ነው እንጂ። ኸወደቅኩ ወዲህ ሲበርደው ይነሳብኛል።»

«መቼ ወድቀው?»

«አንቺ እዚህ እያለሽ ነው እንጂ፣ ኅዳር ላይ። ለሶላት ውዱእ ላደርግ ስወጣ የጓሮው ደረጃ አንሸራተተኝ። ምንም አልነበረም። ኋላ ጎረቤት መጥቶ አነሳኝ።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ኅዳር ሰሞን ሲያነክሱ አይቼ ነበር፣ ብርዱ ነው ብለውኝ ነበር። አምኜ ነበር። የጓሮው ደረጃ ከመስኮቴ ሥር ነው።

«ለምን አልጠሩኝም አባ?»

«ጠርቼሽ ነበር እኮ» አሉ። ቅሬታ የለበትም፣ እየሳቁ ነው፣ እንደ አንድ ጨዋታ ነው የሚነግሩኝ። «‹አንድ ደቂቃ አባ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ› አልሽኝ። እኔም ሰዎቹን አላስቀይምብሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

አላስታውስም። ወላሂ አላስታውስም። የትኛው ስብሰባ ነበር? ምን ነበር የምናወራው? ማን ነበር የሚያወራው? ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ ምንም የለም። አባቴ መሬት ላይ ሆነው ጠርተውኝ፣ እኔ መልሼላቸው፣ መመለሴን እንኳ አላውቅም። ዕንባዬ ሾርባው ላይ ወረደ።

አባ ወሬያቸውን ቀጥለዋል። ጎረቤቱ ሲያነሳቸው እንዴት እንደተደናገጠ፣ እሳቸው ደግሞ እሱን እንዴት እንዳጽናኑት። መሃል ላይ ስልኬ ጮኸ፣ የቢሮ ግሩፕ ነው። አላየሁትም።

«አለሽ?» አሉኝ።

«አለሁ አባ» አልኩ። «ይቀጥሉ፣ እየሰማሁ ነው።»